ከበሩ በላይ የነበረው ምንጣፍ

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ምንጣፏን በረንዳው ብረት ላይ ዘርግታ በዱላ ስትደበድብ፣ ያ ዱብ ዱብ የሚል ድፍን ድምፅ ከነአቧራው በመስኮቴ ይገባና ከያዝኩት ሥራ ያስነሳኛል፤ ተነሥቼም የትም አልሄድም፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሳሎን እየተመላለስኩ አንዱን ብርጭቆ አነሣለሁ፣ ሌላውን አስቀምጣለሁ፤ ሰው ቢያየኝ ምን ጠፋባት ይላል። የጠፋብኝ ነገር የለም፤ የቆየ ሱፍ ሽታ ነው። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ በገባ ቁጥር ከዚህ ከኮንዶሚኒየሙ ፎቅ ወርጄ፣ ግንቡን አልፌ ጀጎል እገባለሁ፤ ኤረር በር አጠገብ ባለው በአያቴ ቤት መሃል እቆምና ከበሩ በላይ የተቀመጠውን ጥቅል ምንጣፍ አንጋጥጬ አያለሁ።

ልጅ ሳለሁ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ቁጭ ብዬ እግሬ ይወራጫል፣ እየበላሁ እጄ ሌላ ነገር ይፈልጋል፣ ተኝቼ እንኳ ከፍራሹ ወርጄ መሬት ላይ እገኝ ነበር። አያቴ፣ ኡማ የምንላቸው፣ «ያ ረቢ! ይቺ ልጅ ጉንዳን ውጣለች እንዴ?» ይሉ ነበር። እንደ እኔ ላለ ልጅ ደግሞ የጀጎል ቤት ፈተና ነው። ግድግዳው እስከ ጣራው በስፌትና በአበባ ሳህን ተሸፍኖ፣ አንዱም ለልጅ እጅ የሚደርስ አይደለም። መቀመጫውም፣ ነደባ የምንለው፣ ከወለሉ ከፍ ከፍ እያለ በቀይ አፈር የተለሰነ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቦታ ቦታ አለው፤ ከፍተኛው ለአባወራና ለሽማግሌ፣ ዝቅተኛው ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ለእኔ ቢጤው። ስሜ ነጂማ ነው፤ እዚያ ቤት ግን «አትንኪ» የሚለውን ከስሜ ይበልጥ እሰማው ነበር።

እናትና አባቴ ፈረስ መጋላ በነበራቸው የጨርቅ ሱቅ ስለሚውሉ፣ እኔን የመጠበቁ ዕዳ የወደቀው በኡማና በአባቴ ታናሽ እህት በሰአዳ ላይ ነበር። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሴት በባዶ ስሟ አትጠራም፣ አባይ ትባላለች፤ እኔ ደግሞ ስሟን ትቼ አባይ ብቻ ነበር የምላት። አባይ ስፌት ትሰፋ ነበር። አንዱን ስንደዶ ለማሾለክ ትንፋሿን ውጣ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ ግማሽ ቀን አንድ ቦታ ትቀመጥ ነበር፤ እኔ በዚያው ግማሽ ቀን ሰገነት ወጥቼ፣ ወድቄ፣ አልቅሼ፣ ተባብዬ፣ እንደገና ወጥቼ አገኝ ነበር። እሷ ብቻ ግን ጉንዳን ውጠሻል ብላኝ አታውቅም። ሌሊት ስወራጭ እግሬን በእግሮቿ መሃል ይዛ ታስተኛኝ ነበር። ያኔ አባይ እኩዮቿ ሁሉ አግብተው ወልደው፣ ሰፈሩ «እስካሁን?» ማለት የጀመረባት ልጅ ነበረች።

መስከረም ላይ፣ ግድግዳው ሁሉ አዲስ ኖራ ተቀብቶ ዓይን ሲወጋ፣ ትምህርት ቤት አስገቡኝ። ቲቸር አስካለ ከግንቡ ውጭ ያደገች የከተማው ክርስቲያን ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ሄዳ ሞንቴሶሪ የሚባለውን ትምህርት ተምራ መጥታ፣ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ተከራይታ ሕፃናት ሰበሰበች። ሰፈሩ ወሬውን ወዲያው አቀጣጠለው። «ልጆቹን ሳህን ያሳጥቧቸዋል አሉ»፣ «መስተዋት ያስወለውሏቸዋል አሉ»፣ «ይሄ ምን ትምህርት ነው፣ ሠራተኛ ሊያደርጓቸው ነው እንዴ?» ይባል ነበር። አባቴ ግን አሳቡ ሌላ ነበር። «እዚህ ከምትበጠብጥ እዚያ ትበጥብጥ» አለና አስመዘገበኝ።

ጠዋት ጠዋት አባይ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ታደርሰኝ ነበር፤ ላላ ካደረገችኝማ በየትኛው ጠባብ መንገድ እንደምጠፋ አላህ ነው የሚያውቀው። ከኤረር በር ሸንኮራና እንጨት የጫኑ አህዮች ከነባለቤቶቻቸው ሲገቡ ግድግዳ ላይ ተለጥፈን እናሳልፋቸውና ሽቅብ እንወጣለን፤ ከዚያ አቋራጩ እያለ ዞር ብለን በመኪና ግርግር እናልፍ ነበር። መኪና ግርግር የሰፊዎች መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ የልብስ ስፌት መኪና ተደርድሮ ሲያንጎራጉር ይውላል። እዚያ መሃል የኢድሪስ ሱቅ ነበር። ኢድሪስ ቀጭን፣ ሜትር ከአንገቱ የማይወርድ፣ ፈገግ ሲል ጥርሱን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። እኛ ስንደርስ የእሱ መኪና ድምፅ ቀጥ ይላል።

«ነጂማ፣ ዛሬስ ቁልፉን ትቆልፊዋለሽ?» ይለኝ ነበር። የሚጠይቀው እኔን ነው፣ የሚያየው ግን አባይን። አባይም የእኔን ጫማ ማሰሪያ ለማጥበቅ ጎንበስ ትላለች፤ ጫማዬ ማሰሪያ የሌለው ነጠላ ጫማ ቢሆንም። እኔ ታዲያ ይሄ ሁሉ ምን ይገባኛል? «አባይ እንሂድ! አባይ አርፍደናል!» እያልኩ እጇን እጎትት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ተይ አላለችኝም።

ቁልፍ ያለኝ ነገር እንዲህ ነው። ቲቸር አስካለ ለትምህርት ቤቷ በእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ፣ መሃሉ በቁልፍ የሚገጠም ጨርቅ ያሰፋችው እሱ ጋር ነበር፤ ልጅ እሱን እየቆለፈና እየፈታ ልብሱን ራሱ መልበስ ይማራል። እኔ አንዱን ቆልፌ ወደ ሁለተኛው ሳልደርስ ዓይኔ መስኮት ላይ ይሆን ነበርና፣ ኢድሪስ ይሄን ከማን እንደሰማ አላውቅም፣ ዘወትር ይቀልድብኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ግን፣ ወላሂ፣ ለእኔ ሌላ ዓለም ነበር። ጫማችንን አውልቀን እንገባለን፤ ቲቸር አስካለ ደጃፉ ላይ በርከክ ብላ፣ ዓይኗን ዓይናችን ላይ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው ትጨብጠን ነበር። ውስጡ እንደ ኡማ ቤት መደርደሪያ በመደርደሪያ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ከደረቴ በታች! ሽምብራ ከአንዱ ጆግ ወደ ሌላው መገልበጥ፣ ከዚያ ውሃ መገልበጥ፣ ያውም በእውነተኛ ብርጭቆ፤ ሮዝ ቀለም የተቀባ የእንጨት ኩብ ከትልቁ እስከ ትንሹ መደርደር፤ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጠ ፊደል በሁለት ጣት መዳሰስ፤ ሎሚ መጭመቅ፣ ሳህን ማጠብ፣ የራሳችንን ዘይቱን በትንሽ ቢላ ቆርጠን ለጓደኛ ማቅረብ። «አትንኪ» የሚል ሰው የለም። ጨዋታም አይባልም፣ ሥራ ነው የሚባለው፤ «ሥራሽን ምረጪ» ትለኛለች፣ እኔም ጎምለል እያልኩ እመርጥ ነበር። ችግሬ እሱን ጨርሶ መመለስ ላይ ነው። ቲቸር አስካለ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም፤ አጠገቤ መጥታ በሹክሹክታ፣ «ነጂማ፣ ሥራሽ አላለቀም፤ ያወረድሽውን ቦታው ትመልሺዋለሽ» ትለኝና ትሄድ ነበር።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ምንጣፉን ነው። መሬት ላይ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ከቅርጫቱ ትንሽ ጥቅል ምንጣፍ አንስቶ፣ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ሰው ሳይነካ ሄዶ ይዘረጋል። በተዘረጋ ምንጣፍ ላይ ማንም አይረግጥም፤ ዳር ዳሩን ዞሮ ያልፋል። እዚያ ላይ የተቀመጥኩ ጊዜ ቦታው የእኔ ነው፣ ከፍተኛ ነደባ ላይ እንደተቀመጠ ሽማግሌ ነበር የምኮራው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ መጠቅለል አለ፤ ጫፉን አጥፎ፣ ትንሽ ጠቅልሎ፣ ዳር ዳሩን በመዳፍ መታ መታ አድርጎ ማስተካከል፣ እንደገና ትንሽ መጠቅለል። ይሄን ነገር ምን አስማት እንዳለበት አላውቅም፣ እጄና እግሬ አንድ ላይ የሚያርፉት እሱን ስሠራ ብቻ ነበር። ቁልፉን ሳልጨርስ፣ ኩቡን ሳልደረድር ምንጣፉን ብቻ ዘርግቼ እየጠቀለልኩ፣ እየዘረጋሁ እየጠቀለልኩ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው። ቲቸር አስካለም ተወችኝ።

ታኅሣሥ ገባ፣ ከኤረር በኩል ደረቁ ብርድ መጣ፣ ቤታችንም ውስጥ ሹክሹክታ ተጀመረ። አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ አባይን አስጠይቆ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆች ያሉት፣ ባለ መጋዘን ሰው ነው። አባቴ ልቡ ወደዚያ እያዘነበለ፣ «ሰውዬው ጨዋ ነው» ይል ነበር፤ አባይ ስፌቷ ላይ ታቀረቅራለች። ሲነጋገሩ ተደብቄ እሰማ ስለነበር አንድ ነገር ብቻ ገባኝ፤ ድሬዳዋ ሩቅ ነው፣ አባይ እዚያ ከሄደች እጄን ይዞ የሚያደርሰኝ የለም። በኋላ ደግሞ ኡማ፣ የኢድሪስ እናት ሐጃ ሩቂያ እሑድ ከሰዓት ሊጠይቁን እንደሚመጡ ላኩብን ሲሉ፣ የእሳቸውም የአባይም ፊት በራ። ሴቶች እንዲያው ለሰላምታ መስለው መጥተው፣ ቤቱንና ሰዉን አይተው፣ ከዚያ አፋቸውን ይፈታሉ፤ ወጉ እንዲያ ነበር። ጉዳዩም ቁርጥ ያለ ነበር። ሐጃ ሩቂያ ከጠየቁ አባቴ የእህቱን ልብ ያውቃልና እምቢ አይልም፤ ካልጠየቁ ደግሞ ለድሬዳዋው እሺ ይላል።

ከዚያ እሑድ በፊት ነው እንግዲህ ጉዱ የተሠራው። ቲቸር አስካለ ቁልቢ ገብርኤል ልትሳለም ትምህርት ቤቱን ዘጋች፤ እኔም ቤት ዋልኩ። ኡማ ሶላት ላይ ናቸው፣ አባይ ሰገነት ላይ ስንደዶ ታሰጣለች። ሥራ መሥራት አማረኝ። ማሽላ አለ፣ ሁለት ጆግ አለ፣ ምንጣፍ የለም። የቤቱ ምንጣፍ ትልቅ ነው፣ ከነደባው ጋር የተጣበቀ ያህል ነው። ዞር ስል፣ ከበሩ በላይ ባለው የእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ ልክ እንደ ትምህርት ቤታችን ያለ ጥቅል ምንጣፍ ተቀምጧል! ዘመኔን ሁሉ እዚያው ነበር፣ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። በነደባው ደረጃ ላይ በርጩማ ደርቤ ወጣሁ፣ በመጥረጊያው እንጨት ገፋሁት፣ ዱብ አለ። አቧራውና የሱፉ ሽታ አፈነኝ፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ከእኔ ቁመት ትንሽ የሚበልጥ ምንጣፍ ነበር። እየጎተትኩ የኋላው ጓዳ አስገባሁትና ዘርግቼ ማሽላዬን ስገለብጥ ዋልኩ። ሲበቃኝ ደግሞ፣ ማሻአላህ ልባል የሚገባኝ ልጅ፣ ጫፉን አጥፌ፣ ዳር ዳሩን መታ መታ አድርጌ፣ አሳምሬ ጠቀለልኩት። ያወረድሽውን ቦታው መልሺ የሚለውም ትዝ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ዕቃ ሁሉ ልጅ በሚደርስበት ቦታ ነው መሆን ያለበት፤ ቲቸር አስካለ እንዲህ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ለምንጣፉ የተሻለ ቦታ መረጥኩለት፤ ከማሽላው ጆንያ ጀርባ፣ ጥጉ ላይ፣ ለእጄ ምቹ አድርጌ አቆምኩት።

እሑድ ደረሰ። ወለሉ በቀይ አፈር ታሸ፣ ሳህኑ አንድ በአንድ ወርዶ ታጥቦ ተሰቀለ፣ የቡና ቅጠል በወተት የፈላበት ሆጃ ተሰናዳ። ሰው ሁሉ ግድግዳውንና ወለሉን ሲያይ፣ ከበሩ በላይ ቀና ያለ አልነበረም፤ ያማ ከዱሮ ጀምሮ እዚያው ያለ ነገር ነው። ሐጃ ሩቂያ ከሁለት ሴቶች ጋር መጡ። በሻርፓቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘዋል፤ ጣፋጩ ሐሉዋ እንደሆነ ከሽታው አወቅኩና ምራቄን ዋጥኩ። ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ። ስለ ጤና ተጠየቀ፣ ስለ ብርዱ ተወራ። ከዚያ ሐጃ ሩቂያ ቀና ብለው ከበሩ በላይ ተመለከቱ። አብረዋቸው ከመጡት አንዷን ሴት በክርናቸው ነካ ሲያደርጉ እኔ ዝቅተኛው ቦታዬ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ሴትየዋም ቀና አሉ።

«እንግዲህ...» አሉ ሐጃ ሩቂያ፣ ሆጃውን ሳይጨርሱ አስቀምጠው። «አላህ መልካሙን ያድርግላችሁ። ለሰአዳም ኸይሩን ይስጣት። እኛ እንሂድ።»

«ኧረ በአላህ! ገና ተቀመጣችሁ እንጂ!» አሉ ኡማ።

«ሌላ ጊዜ፣ ኢንሻአላህ።» ቋጠሮውን እንደያዙት ወጡ። አባይ ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፣ እሷ ግን አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለእኔ እንኳ ከበደኝ። ኡማ ቀኑን ሙሉ «ምን አስቀየምናቸው? ሆጃው ነው? ወሬ ሰምተው ነው?» እያሉ ያብሰለስላሉ። አባቴ ማታ ከሱቅ ሲመለስ «እንግዲህ የድሬዳዋውን ሰው ብዙ ማቆየት ነውር ነው» አለ። አባይ ስንደዶዋን ይዛ ትቀመጣለች፣ ወስፌው ግን አይንቀሳቀስም፤ እጅዋን አርፎ ሳየው እኔ ይብስ እቁነጠነጥ ነበር። ጠዋት በመኪና ግርግር ማለፍ ቀረ። በአቋራጭ፣ በጓሮ በጓሮ እየጎተተችኝ ሄድን፤ አሁን ጎታቿ እሷ ሆነች። ትምህርት ቤት ስደርስም አልሆነልኝም። ውሃውን ከብርጭቆው ውጭ እገለብጣለሁ፤ የሌላውን ምንጣፍ እረግጣለሁ። የዝምታ ጨዋታ የምንለው ነበር፤ ሁላችን ዓይናችንን ጨፍነን ተቀምጠን፣ ቲቸር አስካለ ከሌላ ክፍል ስማችንን በሹክሹክታ እስክትጠራ እንጠብቃለን። በዚያ ዝምታ መሃል እኔ እሪ ብዬ አለቀስኩ። አቅፋ ወደ ጓሮ አወጣችኝ።

«ምን ሆንሽ፣ ነጂማዬ?»

«አባይ አትስቅም» አልኳት። ሌላ የምለው አላገኘሁም።

ነገሩ የተገለጠው ኡማ ወገባቸውን አሟቸው በጀርባቸው ነደባው ላይ የተጋደሙ ቀን ነው። ዓይናቸው ወደ ላይ ነበር። ድንገት ክው ብለው ተነሡ። «ሱብሃነላህ! ምንጣፉስ? ሰአዳ! ከበሩ በላይ የነበረው ምንጣፍ የት ሄደ?»

አባይ ሮጣ መጣች፣ ቀና አለች፣ እጅዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔም፣ ሥራዬ ሊደነቅልኝ ነው ብዬ፣ «እኔ ጋ አለ!» አልኩና ከጆንያው ጀርባ እየጎተትኩ አመጣሁት። «እዚህ ነው ያስቀመጥኩት፣ ልጅ እንዲደርስበት።»

ያደነቀኝ ግን የለም፤ አባይ ዝቅተኛው ነደባ ላይ፣ የእኔ ቦታ ላይ ቁጭ አለችና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረ። ኡማ እኔን በትከሻዬ ይዘው፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? ይሄ ምንጣፍ እዚያ ላይ ካለ በዚህ ቤት ያላገባች ልጅ አለች ማለት ነው። ልጅቱ ስትዳር ይወርዳል። ሐጃ ሩቂያ ባዶውን ሲያዩ ለድሬዳዋው ሰው ሰጥተናታል ብለው ነው የሄዱት!» አሉኝ።

«ታዲያ እንንገራቸዋ፣ ኡማ!» አለች አባይ።

«እንዴት ብለን? ‹ልጃችን አልተዳረችም፣ ኑና ውሰዷት› ብለን? ሰው ምን ይለናል! የሴት ወገን ተነሥቶ እንዲህ ይላል?» አሉ ኡማ። ምንጣፉን መሰላል ተበድረው ቦታው መለሱት፤ የሚያየው እንግዳ ግን አልነበረም።

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት አንዲቱን ብቻ ነው። ምንጣፉ ላይ ካለ አባይ ቤት ናት፣ ከወረደ አባይ ትሄዳለች። ወይ አበሳዬ! በገዛ እጄ ላባርራት ነበር ለካ። ያን ሌሊት ደጋግሜ እየተነሣሁ ከበሩ በላይ አይ ነበር። ጠዋት አቋራጩን ይዘን ስንሄድ አላስቻለኝም። አባይን የሚወስድ ሰው ካለ ያ የጫማዬን ማሰሪያ የሚያስጠብቃት ሰውዬ ነው፤ እኔ እንኳ ይሄን አውቄ ነበር። እጄን መነጨቅኳትና ወደ መኪና ግርግር ፈረጠጥኩ።

«ነጂማ! አንቺ! ያዙልኝ!» ትላለች ከኋላዬ።

ኢድሪስ ሱቅ ደጃፍ ቆምኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ። «ምንጣፉን መልሰነዋል! እኔ ነኝ ያወረድኩት፣ አሁን ላይ አለ! አባይ የትም አትሄድም! ቤታችን ናት! ማንም አይወስዳትም!»

በዚያ መንገድ ያለው የስፌት መኪና ሁሉ ዝም አለ። እንዲያ ያለ ዝምታ በቲቸር አስካለ ክፍል እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ አንዱ ሰፊ «አጀብ!» አለና ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አባይ ስትደርስ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት የምትመርጥ ይመስል ነበር። ኢድሪስ ተነሥቶ ቆመ፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወደቀ።

«ነጂማ» አለኝ፣ አሁንም የሚያየው እሷን ነው፣ «በእውነት ላይ ነው ያለው?»

«ወላሂ!» አልኩት፣ አሸነፍኩት ብዬ። እሱም ሳቀ፤ ያን ቀን ጥርሱን በእጁ አልሸፈነም።

ሐጃ ሩቂያ ዓርብ ከሶላት በኋላ መጡ። ገና በሩን አልፈው ሳይቀመጡ ዞረው ቀና አሉ፣ ፈገግ አሉ፣ ቋጠሯቸውን ፈቱ። ሐሉዋውን ከሁሉም በፊት ለእኔ ነው የቆረሱልኝ፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ጥግብ ብዬ በላሁ።

ሠርጉ የበልጉ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ሆነ። ሴቶቹ ሲዘፍኑ፣ ሰፈሩ በደስታ ሲናጥ፣ እኔ ብቻ ተቆጥቼ እዞር ነበር። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «መልሼው የለም እንዴ? ላይ ነው እኮ ያለው!» እለው ነበር፤ የሰማኝ ሁሉ ይስቃል። በመጨረሻው ቀን ኡማ መሰላል አስመጥተው ምንጣፉን አስወረዱና አቧራው እንዲራገፍ ግቢ ውስጥ አስደበደቡት፤ ያ ዱብ ዱብ ደረቴ ላይ የሚመታኝ መሰለኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ ዘርግተው «ነጂማ ትጠቅልለው፣ ከእሷ የሚያሳምር የለም» አሉ።

«አልጠቀልልም» አልኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዘኝ ሳልንቀሳቀስ የቆምኩት ያኔ ነው።

አባይ ሂና በተቀባ እጅዋ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እንደ ቲቸር አስካለ በርከክ አለችና ዓይኗን ዓይኔ ላይ አደረገች። «እኔ መሄድ እፈልጋለሁ፣ ነጂማ» አለችኝ። «ትሰሚኛለሽ? ማንም አልወሰደኝም። እኔ ነኝ የፈለግኩት።» ሌላ ሰው እንዲህ አፍ አውጥቶ አልነገረኝም ነበር። እያለቀስኩ ጫፉን አጠፍኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ዳር ዳሩን መታ መታ አደረግኩ። ኡማም ተቀብለውኝ የኋላው ጓዳ ወስደው፣ ከማሽላው ጆንያ ጀርባ፣ እኔ በመረጥኩለት ጥግ አቆሙት።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የሚያደርሱኝ ኡማ ሆኑ፤ ቀስ እያሉ ስለሚሄዱ እኔ ወደፊት ሮጬ ተመልሼ፣ ሮጬ ተመልሼ መንገዱን እደጋግመው ነበር። በመኪና ግርግር ስናልፍ አባይ ከኢድሪስ አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል አገኛታለሁ። ሩቅ አልሄደችም፤ ጥቂት ግድግዳ ነው በመሃላችን ያለው። ሌሊት ግን እግሬን የሚይዝልኝ አልነበረም።

ዛሬ ኡማ የሉም። አባቴ ቤቱን ለእንግዳ ማረፊያ አከራይቶታል፤ የእኔ የማሽላ ጓዳ መታጠቢያ ቤት ሆኗል። ያ ቀይ ምንጣፍ እኔ ጋ ነው፣ ኮንዶሚኒየሜ ወለል ላይ ተዘርግቷል፤ እኔም አሁን አባይ ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ሆኜ፣ ሰፈሩ «እስካሁን?» የሚልብኝ ሆኛለሁ። አባይ በመጣች ቁጥር «አንቺ፣ ምንጣፍሽን መሬት ላይ ጥለሽ ማን ሊያውቅልሽ ነው?» ትለኛለች። «የት ልስቀለው፣ አባይ? ከበሬ በላይ ያለው የመብራት ቆጣሪ ነው» እላታለሁ፤ ሁለታችንም እንስቃለን። እኔን የሚያሳክከኝ ግን ሌላ ነው፤ ለእሷ ቤቱ ሁሉ ይናገርላት ነበር፣ እኔ ደግሞ የምፈልገውን ራሴ መናገር አለብኝ፤ ምን እንደምፈልግ ግን ገና አላወቅኩም።

በቅርቡ ሁለታችን ወደ ድሮ ቤታችን ጎራ አልን። እንግዶች ፎቶ ያነሣሉ፤ አስጎብኚው ወጣት ከበሩ በላይ እያመለከተ፣ ሦስት ጥቅል ምንጣፍ መኖሩ በዚህ ቤት ለጋብቻ የደረሱ ሦስት ልጆች አሉ ማለት ነው እያለ ያስረዳል። ሦስቱም አዲስ ናቸው፣ አቧራ እንኳ አልያዛቸውም። በዚያ ቤት አንዲት ልጅ የለችም። እግሬ ተቁነጠነጠ፤ ዓይኔ መጥረጊያ ፈለገ፣ በርጩማ ፈለገ። አባይ ምን እያሰብኩ እንደሆነ ሳልነግራት ገባት። ሂና የቀባችውን፣ አሁን የተጨማደደውን እጅዋን ሰዳ የእኔን እጅ ያዘችው፤ ልክ በኤረር በር መንገድ ላይ እንደምትይዘኝ፣ ጥብቅ አድርጋ። እኔም አርፌ ቆምኩ።